ቴሌግራም ላይ የራስህን ዩዘርቦት በስርአቱ ጭኖ ሳይሞት ማሰራት

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ስራ ላይ ስሆን ወይ ስተኛ ለሚጽፉልኝ ሰዎች መልስ የሚሰጥልኝ፣ ደግሞ ከምከታተላቸው ሰላሳ ምናምን ቻናሎች ፒዲኤፍ እየለቀመ ሴቭድ ሜሴጅስ ላይ የሚያስቀምጥልኝ ዩዘርቦት ቪዲዮ አይቼ ጫንኩ። ስትሪንግ ሴሽኑን ያወጣልኝ አንድ ቦት ነው፣ ስልኬንና ኮዱን ስሰጠው ወዲያው ላከልኝ። ነጻ ሆስት ላይ ነው ያለው። ትንሽ ሰርቶ ይሞታል፣ ሳስነሳው ደግሞ ፍለድ ዌይት ይላል። አካውንቴ ይዘጋብኝ ይሆን? በስርአቱ ለመጫን ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ዩዘርቦት ማለት በራስህ አካውንት ገብቶ አንተን ሆኖ የሚሰራ ፕሮግራም ነው፣ ስለዚ ስለ መጫኑ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር አሁኑኑ አድርግ። ቴሌግራምህን ክፈትና ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለው ጋ ግባ። እዛ አካውንትህ የገባባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች በሙሉ ተዘርዝረዋል፣ ከነሱ መሃል የማታውቀው ስም ያለው፣ ወይ ፓይተን ምናምን የሚመስል ነገር የተጻፈበት አንድ ወይ ሁለት ታገኛለህ። ካሁኑ ስልክህ በስተቀር ሁሉንም ተርሚኔት አድርጋቸው። ቦቱ ይቆማል፣ ይቁም፣ እንደገና እንጭነዋለን።

ለምን እንዲህ እንዳስቸኮልኩህ ላስረዳህ። ስትሪንግ ሴሽን የሚባለው ያ ረጅም ጽሁፍ ፓስዋርድ አይደለም፣ ከፓስዋርድ በላይ ነው። ፓስዋርድ ያለው ሰው ገና ለመግባት ይሞክራል፣ ሴሽኑ ያለው ሰው ግን ገብቶ ጨርሷል። ከፍተህ ያስቀመጥከውን ስልክ ለማታውቀው ሰው አስረክበህ እንደመሄድ ነው፣ ቻትህን ያነባል፣ በስምህ ይጽፋል፣ ግሩፕህን ያስተዳድራል። ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብርቻለሁ ብለህ እንዳትጽናና፣ እሱ የሚጠየቀው ሲገባ ነው፣ ሴሽኑ ሲወጣ ደግሞ አንተው ራስህ ጽፈህለታል። ፓስዋርዱን ዛሬ ብትቀይረውም የገባውን ሴሽን አያስወጣውም፣ የሚያስወጣው ተርሚኔት ማድረግ ብቻ ነው።

ደግሞ ያ ቦት ኮዱን ስትልክለት በቁጥሮቹ መሃል ክፍተት እያደረግክ ጻፍ ብሎህ ይሆናል፣ ትዝ ይልሃል? ብዙዎቹ እንዲህ ነው የሚሉት። ምክንያቱም ቴሌግራም የመግቢያ ኮዱን እዛው ቴሌግራም ላይ ለሌላ ሰው እንደላክከው ካየ ኮዱን ወዲያው ያበላሸዋል፣ አንተን ከሌባ ለማዳን የተሰራ ነገር ነው፣ ክፍተቱ ደግሞ ያንን ጥበቃ እንዲያልፍ ነው። እና የቴሌግራምን ጥበቃ አታልለህ አሳልፈኝ የሚልህ ቦት፣ ባለቤቱ ቅን ሰው ቢሆን እንኳን፣ ሴሽንህ በሱ ሰርቨር በኩል አልፏል። ሎጉ ላይ (ፕሮግራሙ የሰራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ይቀመጥ አይቀመጥ አንተ ማየት አትችልም። ሴሽን ራስህ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው የሚወጣው፣ በዚህ ላይ ለማንም ብለህ እንዳትደራደር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አዲስ የገባ ሴሽን ለ24 ሰአት ያህል ሌሎችን ሴሽኖች ማስወጣት አይችልም። ስለዚ የሰረቀህ ሰው ቢኖር መጀመሪያ ዝም ብሎ ነው የሚቆየው፣ ምንም ምልክት አታይም። ምንም አልተፈጠረም ብለህ እንዳትተወው ነው ይሄን የምልህ።

ተርሚኔት አደረግክ? እሺ፣ አሁን ወደ ስራው።

ሲጀመር የምትፈልጋቸው ሁለት ነገሮች በአንድ ቦት መሰራታቸው ግዴታ አይደለም፣ እንደውም ባይሆን ይሻላል። ቴሌግራም ላይ ሁለት አይነት ነገር አለ፣ ሰው ሁለቱንም ቦት ይላቸዋል። አንደኛው ቦት ፋዘር (ቦት መፍጠሪያው ይፋዊ ቦት) ጋ ሄደህ ኒውቦት ብለህ የምትፈጥረው፣ ስሙ ቦት በሚል የሚያልቅ፣ ቶክን ማለትም የቦቱን ቁልፍ የሚሰጥህ ትክክለኛው ቦት ነው። ቦት ኤፒአይ (ኤፒአይ ማለት ፕሮግራም ከቴሌግራም ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ነው) ከ2015 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ በይፋ የተፈቀደ ነው፣ ከአካውንትህ ጋር ካላገናኘኸው በቀር ቶክኑ ቢሰረቅ እንኳን የሚጎዳው ቦቱ ብቻ ነው፣ ቦት ፋዘር ላይ ሪቮክ ብለህ አዲስ ታወጣለህ፣ አለቀ። ሁለተኛው ዩዘርቦት ነው፣ እሱ በራስህ አካውንት ገብቶ አንተን ሆኖ ነው የሚሰራው። ቴሌግራም በኤፒአይ መግባትን አልከለከለም፣ ግን ይፋዊ ባልሆነ ክላይንት (ቴሌግራም ውስጥ መግቢያ አፕ ወይ ፕሮግራም) የሚገቡ አካውንቶችን በክትትል ስር እንደሚያደርግ በግልጽ ጽፏል፣ ስፓም ካደረግክበት ይዘጋል።

ትክክለኛው ቦት የማይችላቸው ነገሮች አሉ። ያልጻፈለትን ሰው መጀመሪያ ማናገር አይችልም፣ ሰውየው ስታርት ማለት አለበት። ቻናል ውስጥ ደግሞ አድሚኑ ካላስገባው በቀር አይገባም። ስለዚ አንተ ተከታይ ብቻ ከሆንክባቸው ቻናሎች ፒዲኤፍ መልቀም በቦት ኤፒአይ አይሆንም፣ ለዛ ዩዘርቦት ያስፈልግሃል፣ እሱን ተቀብያለሁ። ሌላውን ግን ለመቀበል ይከብደኛል። ስትተኛ መልስ የሚሰጥልህ ነገር ኮድ ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል። ፕሪሚየም ካለህ ቴሌግራም ቢዝነስ ውስጥ አዌይ ሜሴጅ የሚል አለ፣ ከስንት ሰአት እስከ ስንት ሰአት፣ ለማን፣ ኦንላይን ሳልሆን ብቻ፣ ይሄን ሁሉ እዛው ትሞላለህ። ከዛ በላይ ብልህ የሆነ መልስ ከፈለግክ ደግሞ በ2024 የመጣው ቻትቦት የማገናኘት ነገር አለ፣ የራስህን ትክክለኛ ቦት ከአካውንትህ ጋር ታገናኘውና በስምህ ይመልሳል፣ የትኞቹን ቻቶች እንደሚያይ አንተ ትመርጣለህ፣ ባለፉት 24 ሰአታት ውስጥ የጻፈልህ ሰው ላይ ብቻ ነው መመለስ የሚችለው፣ ለአውቶ ሪፕላይ ደግሞ ከበቂ በላይ ነው። ሜሴጅ በሰአቱ እንዲሄድልህ ብቻ ከሆነ የፈለግከው ስኬጁል ሜሴጅ ከ2019 ጀምሮ አፑ ውስጥ አለ፣ የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርገህ ያዝ።

ይሄን ሁሉ የምልህ ዩዘርቦትህ የሚሰራው ስራ ባነሰ ቁጥር የሚበላሸውም የሚያስጠረጥርህም ስለሚያንስ ነው። እኔ አንተን ብሆን ዩዘርቦቱን ለቀማ ብቻ ነበር የማሰራው። ፕሪሚየም ከሌለህና አውቶ ሪፕላዩንም በሱ ካደረግከው ግን ከታች የምጽፈውን ነገር ሳታልፍ አንብብ።

አሁን ስለሚሞትበት ምክንያት እናውራ። ነጻ ሆስት ብለሃል፣ ፕሮግራምህን ሰርቨራቸው ላይ በነጻ የሚያሰሩልህ ማለት ነው። የድሮ ቪዲዮዎች አንድ በተን ተጫን ዲፕሎይ አድርግ የሚሉት አብዛኞቹ ሄሮኩን ታሳቢ አድርገው የተሰሩ ናቸው፣ ሄሮኩ ደግሞ ነጻውን አገልግሎት በ2022 ህዳር ወር መጨረሻ አካባቢ አቁሟል። ከዛ በኋላ ሰው ወደሌሎቹ ነው የተሰደደው፣ እነሱ ላይ ደግሞ ነጻው ፓኬጅ ብዙውን ጊዜ የሚሰራው ለዌብሳይት በሚሆን መልኩ ነው፣ የሚመጣ ሪኩዌስት ሲጠፋ ፕሮግራሙን ያስተኙታል። ያንተ ቦት ዌብሳይት አይደለም፣ ማንም ከውጪ አያንኳኳውም፣ እሱ ራሱ ነው ወደ ቴሌግራም መስመር ከፍቶ የሚጠብቀው። ሆስቱ ግን ስራ የፈታ መስሎት ያጠፋዋል። ኮዱ ላይ ምንም ጥፋት የለም ማለት ነው፣ ቦታው ነው የማይሆነው።

ፍለድ ዌይቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ኮድህ ላይ ቻናሎቹን በዩዘርኔማቸው ነው የዘረዘርካቸው ብዬ እገምታለሁ። ዩዘርኔም ለቴሌግራም ትርጉም የሚኖረው መጀመሪያ ወደ አይዲ ሲቀየር ነው፣ ይህቺ ዩዘርኔምን ወደ አይዲ የመቀየር ጥሪ ደግሞ ቴሌግራም በጣም ከሚቆጥባቸው ጥሪዎች አንዷ ናት። ቴሌቶንን (ዩዘርቦት የሚጻፍበት የፓይተን ላይብረሪ) በፋይል ሴሽን ስታሰራው አንዴ ያገኘውን ፋይሉ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ሁለተኛ አይጠይቅም። ስትሪንግ ሴሽን ላይ ግን ያ ማስታወሻ ፕሮግራሙ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚ ሆስቱ ባጠፋህ ቁጥር፣ አንተም ባስነሳኸው ቁጥር፣ ሰላሳውንም ቻናል ከዜሮ ትጠይቃለህ፣ በቀን አምስት ስድስቴ ከሆነ ቴሌግራም ቆይ በቃ ይልሃል። ፍለድ ዌይት ማለት ያ ነው፣ ይሄን ያህል ሰከንድ ጠብቅ ማለት ነው እንጂ እገዳ አይደለም። አካውንቴ ይዘጋ ይሆን ላልከው፣ በዚህ ብቻ አይዘጋም። ቁጥሩን አክብረህ ጠብቅ፣ እየደጋገምክ አታስነሳው፣ ባስነሳኸው ቁጥር ራስህ ላይ ነው የምትጨምረው።

ስለዚ መፍትሄው ሁለት ነው፣ ፋይል ሴሽን ተጠቀም፣ እና ቻናሎቹን በቁጥር አይዲያቸው ጻፋቸው። አይዲው የቻናል ከሆነ ከፊቱ ማይነስ 100 ያለበት ረጅም ቁጥር ነው፣ ማይነሷን እንዳትረሳት። አይዲውን ለማወቅ አንዴ ብቻ ዲያሎጎችህን (ያሉህን ቻቶች፣ ግሩፖችና ቻናሎች) በሙሉ የሚዘረዝር ትንሽ ስክሪፕት አሂድ፣ ስምና ቁጥር አጠገብ ለአጠገብ ያወጣልሃል፣ እሱን ጥሪ ስታደርግ ደግሞ ቴሌቶን ሁሉንም ሴሽን ፋይሉ ውስጥ ስለሚያስቀምጠው ሁለቱንም ስራ ባንዴ ጨረስክ ማለት ነው።

መጫኑ ላይ እንምጣ። መጀመሪያ ቦታ ያስፈልግሃል፣ 24 ሰአት የማይጠፋ። ትንሹ ቪፒኤስ (ኢንተርኔት ላይ የምትከራየው ሰርቨር) ይበቃሃል፣ ይሄ ስራ ራም የሚበላ አይደለም። ቤትህ የማይጠፋ አሮጌ ኮምፒውተር ካለህ እሱም ይሆናል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ተርሙክስ በሚባለው የተርሚናል አፕም ይሰራል፣ ግን ለተርሙክስ የባትሪ ኦፕቲማይዜሽን ማጥፋትና ስልኩ እንዳይተኛ የሚያደርገውን ዌክ ሎክ መያዝ አለብህ፣ ያም ሆኖ አንዳንድ ስልክ ጀርባ ላይ ያለን ነገር ሳያስጠነቅቅ ይገድላል። ለሙከራ ጥሩ ነው፣ ለዘላቂ አልመክርህም።

ከዛ በስልክ ብሮውዘር ሳይሆን ቢቻል በኮምፒውተር ማይ ዶት ቴሌግራም ዶት ኦርግ ላይ ግባ። ስልክ ቁጥርህን ስታስገባ ኮዱ በኤስኤምኤስ አይመጣም፣ ቴሌግራም አፑ ውስጥ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ሰው ስልኩን አፍጥጦ እያየ ይጠብቃል። ኤፒአይ ዴቨሎፕመንት ቱልስ የሚለው ውስጥ ገብተህ አፕ ትፈጥራለህ፣ ለአፑ የምትሰጠው ስም ዲቫይስስ ላይ የሚታይህ ስለሆነ ወዲያው የምታውቀውን ስም ስጠው፣ ከዛ ኤፒአይ አይዲ እና ኤፒአይ ሃሽ ይሰጥሃል። ለአንድ ስልክ ቁጥር አንድ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚ ለሰው እየሰጠህ አትበትነው። አንዳንዴ ኤረር ብቻ ብሎ አልፈጥርም ይልሃል፣ ቪፒኤን ካለህ አጥፋው፣ ብሮውዘር ቀይር።

ላይብረሪው ላይ ቴሌቶንን ነው የምመክርህ። ፒሮግራም የሚባለው ሌላው ላይብረሪ ድሮ ቆንጆ ነበር፣ አሁን ግን ጥገናው ቆሟል፣ ቴሌግራም አዲስ ነገር ሲያመጣ የሚያስተካክልለት የለም። ዝግጁ የሆኑ፣ መቶ ኮማንድ ያላቸው ትልልቅ ዩዘርቦቶችም አሉ፣ እነሱን አልመክርህም፣ ምክንያቱም አንተ የምትፈልገው ሃምሳ መስመር የማትሞላ ኮድ ነው፣ እነሱ ደግሞ ፕለጊን ከውጪ እያወረዱ በአካውንትህ ውስጥ ያሂዳሉ። አንብበህ ያልጨረስከውን ኮድ በራስህ ሴሽን አታስኪድ፣ ኮዱ ረጅም ከሆነ አታነበውም፣ አጭር ከሆነ ታነበዋለህ፣ ነገሩ ይሄው ነው።

ሰርቨሩ ላይ ዴቢያን 12 ወይም አዲስ ኡቡንቱ ከሆነ ያለህ ፒፕን (የፓይተን ላይብረሪ መጫኛውን) ዝም ብለህ ስትጠራው ኤክስተርናሊ ማኔጅድ የሚል ረጅም ኤረር ይሰጥሃል። ቪዲዮዎቹ ላይ ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ የሚለውን ጨምርበት ይሉሃል፣ ስሙ ራሱ ሲስተሙን ስበር ነው የሚለው፣ አታድርገው። ለቦቱ ፎልደር ክፈት፣ እዛ ውስጥ በፓይተን ቬንቭ (ከሲስተሙ የተለየ፣ ለቦቱ ብቻ የሚሆን የፓይተን ቦታ) ፍጠር፣ አክቲቬት አድርገው፣ ከዛ ውስጥ ሆነህ ቴሌቶንን ጫን። ሌላ ቀን ሲስተሙን አፕዴት ስታደርግ ቦትህ አይነካም። የጫንከውን ቨርዥን ቁጥር ሪኳየርመንትስ ፋይል ላይ ጻፈው።

ኤፒአይ አይዲውንና ሃሹን ኮዱ ውስጥ አትጻፋቸው፣ ኢኤንቪ ፋይል (ሚስጥር ለብቻው የሚቀመጥበት ፋይል) ላይ አድርጋቸውና ኮዱ ከዛ ያንብብ። ኮድህን ጊትሃብ ላይ የምታስቀምጥ ከሆነ ጊትኢግኖር (ወደ ጊትሃብ የማይሄዱት ፋይሎች ዝርዝር) ላይ ኢኤንቪ ፋይሉንም፣ ሴሽን የሚል ማለቂያ ያለውን ፋይልም አስገባቸው፣ ከመጀመሪያው ኮሚት በፊት። አንዴ ከገባ በኋላ ብታጠፋውም የድሮው ኮሚት ውስጥ ይኖራል፣ ያኔ ያለህ አማራጭ ሴሽኑን ተርሚኔት ማድረግ ነው። የሴሽን ፋይሉን ፐርሚሽን ደግሞ 600 አድርገው፣ ካንተ ዩዘር ውጪ ማንም እንዳያነበው።

የመጀመሪያውን ጊዜ በእጅህ አሂደው። ስልክ ይጠይቅሃል፣ ኮድ ይጠይቅሃል፣ ቱ ስቴፕ ካለህ ፓስዋርድ ይጠይቅሃል፣ ይሄን ሁሉ የምትጽፈው ራስህ ተርሚናል ላይ ነው፣ ማንም መሃል የለም። ሲጨርስ ፎልደሩ ውስጥ የሴሽን ፋይሉ ይፈጠራል፣ ሁለተኛ አይጠይቅህም። እየሰራ መሆኑን አይተህ ኮንትሮል ሲ ብለህ አቁመው። ይህቺን ደረጃ ዘለው በቀጥታ ሰርቪስ የሚያደርጉት ሰዎች ናቸው ኢኦኤፍ የሚል ኤረር መጣብን የሚሉት፣ ምክንያቱም ጀርባ ላይ ያለ ሰርቪስ የሚጽፍበት ተርሚናል የለውም፣ ኮድ አስገባ ይላል፣ የሚያስገባ የለም፣ ይሞታል።

አሁን ሰርቪስ እናድርገው። ስክሪን ወይ ቲሙክስ (ተርሚናሉን ዘግተህ ብትወጣም ፕሮግራሙን ክፍት የሚያቆዩ ናቸው) ውስጥ ከፍተህ መተው ለአንድ ሁለት ቀን ይሰራል፣ ሰርቨሩ ሪስታርት ሲያደርግ ግን አብሮ ይጠፋል። ሲስተምዲ ላይ (ሊኑክስ ውስጥ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው) ትንሽ የሰርቪስ ፋይል ጻፍ። አራት ነገር በትክክል ይግባ። የሚሄደው ፓይተን የቬንቩ ፓይተን በሙሉ አድራሻው ይሁን፣ የሲስተሙ አይደለም። ዩዘሩ ሩት (ሁሉም የሚፈቀድለት ዩዘር) አይሁን፣ ለቦቱ ብቻ ዩዘር ፍጠርለት፣ ፎልደሩም የሱ ይሁን። ሪስታርት የሚለው ኦልዌይስ ይሁን፣ ግን ሪስታርት ሴክ የሚለውን 30 ምናምን አድርገው፣ ካልሆነ ኤረር ሲመጣ በየሰከንዱ እየተነሳ ቴሌግራምን ይደበድብልሃል፣ ወደ ፍለድ ዌይቱ ተመለስን ማለት ነው። አራተኛዋ ወርኪንግ ዳይሬክተሪ ናት፣ በጣም የምትረሳው እሷ ናት። ሴሽኑን ኮድህ ውስጥ በስሙ ብቻ ከጠራኸው ፕሮግራሙ የሚፈልገው የቆመበት ፎልደር ውስጥ ነው፣ ወርኪንግ ዳይሬክተሪ ካልሞላህ ሌላ ቦታ ቆሞ ይፈልገዋል፣ የለም ብሎ አዲስ ይፈጥራል፣ እንደገና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ያው ኢኦኤፍ። ትናንት በእጄ ሰርቶ ዛሬ ሰርቪስ ሳደርገው እምቢ አለ የሚል ሰው ካየህ መጀመሪያ እሷን ጠይቀው። ከዛ ኢኔብል አድርገህ አስነሳው፣ ሎጉን በጆርናልሲቲኤል ታየዋለህ።

ቦቱ እየሰራ እያለ ያንኑ ፎልደር ገብተህ ሌላ ስክሪፕት በዛው ሴሽን ብታሂድ ዳታቤዝ ኢዝ ሎክድ ይልሃል፣ የሴሽን ፋይሉ ኤስኪውላይት የሚባል ትንሽ ዳታቤዝ ስለሆነ ለሁለት ፕሮግራም አይመችም። ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ የሴሽን ፋይሉን ወደ ላፕቶፕህ ኮፒ አድርገህ እዛም እዚህም በአንዴ ስታሰራው ነው፣ ቴሌግራም አንድ ቁልፍ ከሁለት አይፒ ሲጠቀም ሲያየው ኦዝ ኪ ዱፕሊኬትድ ብሎ ሴሽኑን ይገድለዋል፣ ከዛ በኋላ ያ ፋይል አይነሳም፣ እንደ አዲስ መግባት ነው። ላፕቶፕህ ላይ መሞከር ከፈለግክ ሌላ ስም ያለው ሌላ ሴሽን አውጣ፣ ሁለት ዲቫይስ ሆኖ ይታይሃል፣ ምንም ችግር የለውም። ባክአፕ ልያዝለት እንዳትልም፣ የሴሽን ኮፒ ማለት ሌላ ቦታ የተቀመጠ ክፍት አካውንት ነው፣ ቢጠፋ አንድ ደቂቃ ውስጥ አዲስ ታወጣለህ። ባክአፕ የሚያስፈልገው ኮዱና የአይዲዎቹ ዝርዝር ነው።

የለቀማውን ኮድ ስትጽፍ ፒዲኤፉን አውርዶ መልሶ እንዲጭን አታድርገው። ብዙ ምሳሌ ኮዶች እንደዛ ናቸው፣ ሰርቨርህን ዳታ ያስጨርሱታል፣ ዲስክህን ይሞላሉ። ፎርዋርድ አድርግ በለው፣ ፋይሉ እዛው የቴሌግራም ሰርቨር ላይ ነው የሚዞረው፣ በአንተ በኩል ምንም አያልፍም፣ አንድ ጊጋ የሆነ ፋይልም ቢሆን በሰከንድ ያልቃል። ማይም ታይፑ (የፋይሉን አይነት የሚናገረው ምልክት) ፒዲኤፍ መሆኑን ፈትሽ፣ በፋይሉ ስም ማለቂያ ብቻ አትተማመን፣ ስም የሌላቸው ይመጣሉ። አንዳንድ ቻናሎች ፎርዋርድ ማድረግና ሴቭ ማድረግን ይዘጋሉ፣ እነሱ ላይ ኤረር ይሰጥሃል። እዛ ጋ ለማለፍ መንገድ አትፈልግ፣ ባለቤቱ አይሆንም ብሏል፣ ኤረሩን ይዘህ ዝለለው። ደግሞ ከሴቭድ ሜሴጅስ ይልቅ ለራስህ ብቻ ፕራይቬት ቻናል ክፈትና እዛ ይላክ፣ ሴቭድ ሜሴጅስህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ምንም የማይገኝበት ይሆናል። ተመሳሳይ ፒዲኤፍ በአምስት ቻናል ይመጣል፣ ስለዚ የላክከውን ፋይል ስምና መጠን አንድ ላይ መዝግበህ ካለ እንዲዘለው አድርግ።

አውቶ ሪፕላዩን በዩዘርቦቱ ካደረግከው፣ እዚች ጋ ቀስ በል። የሚመጣ ሜሴጅ ሁሉ ላይ መልስ ላክ የሚል ሁለት መስመር ኮድ ጽፈህ ትተኛለህ እንበል። ሌሊት ስምንት ሰአት ላይ እንዳንተው አውቶ ሪፕላይ ያደረገ ጓደኛህ አንዲት ሰላምታ ላከልህ። ያንተ ቦት አሁን የለሁም አለ። የሱ ቦት ደግሞ ያንን እንደ አዲስ ሜሴጅ አይቶ እኔም የለሁም አለ። ያንተ መለሰ። የሱ መለሰ። ማንም የሚያስቆማቸው የለም፣ ሁለቱም በሰከንድ ውስጥ ነው የሚመልሱት፣ ጠዋት ስትነሳ ሺ ሜሴጅ ያለበት ቻትና ፍለድ ዌይት ውስጥ ያለ አካውንት ነው የሚጠብቅህ። ይሄ የሚከለከለው በአንድ ነገር ነው፣ ለእያንዳንዱ ሰው መጨረሻ መቼ እንደመለስክለት መዝግብ፣ ስድስት ሰአት ካላለፈው ዝም በል። መዝገቡ ፋይል ላይ ይቀመጥ፣ ሚሞሪ ላይ ብቻ ከሆነ ቦቱ ሪስታርት ሲያደርግ ሁሉንም እንደ አዲስ ያያል።

ከዛ በተጨማሪ የግል ቻት መሆኑን ፈትሽ፣ ካልሆነ ግሩፕ ውስጥ ለሁሉም ሰው አሁን የለሁም ማለት ይጀምርልሃል፣ ግሩፑም ያባርርሃል። ላኪው ቦት መሆኑን ፈትሽ፣ ቦት ከሆነ አትመልስለት። ኮንታክትህ ላይ ለሌለ ሰው ከመመለስ ብትቆጠብ ጥሩ ነው፣ ለማታውቃቸው ሰዎች አከታትሎ መጻፍ ነው ሰው ሪፖርት እንዲያደርግህ የሚያደርገው፣ አካውንት የሚያዘጋው ደግሞ ሪፖርቱ ነው እንጂ ቴሌቶን መጠቀምህ አይደለም። የመልሱ ጽሁፍ ላይ ይሄ በራሱ የሚሄድ መልስ መሆኑን ጻፍ፣ እናትህ ወይ የቸገረው ሰው ሌሊት ሲጽፍልህ አንተ አንብበህ የመለስክ እንዳይመስለው። ሰአቱንም አስተካክል፣ ቴሌግራም የሜሴጁን ሰአት የሚሰጥህ በዩቲሲ (በአለም አቀፉ መነሻ ሰአት) ነው፣ ሰርቨርህም አብዛኛውን ጊዜ ዩቲሲ ላይ ነው፣ ከሌሊቱ እስከ ጠዋት ያልከው ነገር ሰአቱን ስቶ እንዳይጀምር ዞንኢንፎ በሚባለው የፓይተን ሞጁል ወዳለህበት ሰአት ቀይረው።

ወደፊት ትክክለኛ ቦት በቦት ኤፒአይ ስትሰራ ደግሞ በአማርኛ ስለምንጽፍ የሚያጋጥመን አንድ ነገር አለ። በተኖቹ ጀርባ የሚቀመጠው፣ በተኑ ሲጫን ለቦቱ የሚላከው ኮልባክ ዳታ 64 ባይት ብቻ ነው የሚይዘው፣ በእንግሊዝኛ 64 ፊደል ማለት ነው፣ የኛ ፊደል ግን አንዱ 3 ባይት ስለሆነ 21 ፊደል ላይ ያበቃል፣ በተን ዳታ ኢንቫሊድ ይልሃል። በተኑ ላይ የሚታየውን በአማርኛ ጻፍ፣ ጀርባው ላይ ግን ቁጥር ብቻ አስቀምጥ። ኮማንዶችም እንደዛው፣ በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በአንደርስኮር ብቻ ነው የሚቀበለው። እና 409 ኮንፍሊክት የሚል ኤረር ካየህ ብዙውን ጊዜ ቦትህ ሁለት ቦታ እየሰራ ነው፣ አሮጌው የሆነ ሆስት ላይ አልጠፋም ማለት ነው፣ ኮዱን አትንካ፣ አሮጌውን ፈልገህ ግደለው፣ ካጣኸው ቶክኑን ሪቮክ አድርግ።

ቦቱ ከተነሳ በኋላ አልሰራም ብለህ ከመደምደምህ በፊት ሎጉን እይ። ቴሌቶን ከ60 ሰከንድ በታች የሆነ ፍለድ ዌይት ሲመጣ ኤረር አያወጣም፣ ራሱ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ስለዚ ቦቱ የሞተ ይመስልሃል ግን እየጠበቀ ነው። የሎግ ደረጃውን ኢንፎ ላይ አድርገው፣ ስንት ሰከንድ እንደሚተኛ ይነግርሃል። ከዛ በላይ ሲሆን ኤረሩን ያዘውና ያለውን ሰከንድ ያህል ትንሽ ጨምረህ አስተኛው። ፒር ፍለድ የሚል ካየህ ግን ይሄ ሌላ ነው፣ የሚጠበቅ ሰከንድ የለውም፣ አካውንትህ ለማያውቃቸው ሰዎች እንዳይጽፍ ተገድቧል ማለት ነው። ያኔ አውቶ ሪፕላዩን አጥፋ፣ ስፓም ቦት የሚባለውን ይፋዊውን ቦት ከፍተህ ስታርት በለው፣ ገደቡ እስከ መቼ እንደሆነ ይነግርሃል።

አሁን ያለብህን ፍለድ ዌይት አስጨርስ፣ ሰርቨር እስክታገኝ ድረስ ቬንቩንና ኮዱን ራስህ ኮምፒውተር ላይ አዘጋጅ፣ መጀመሪያ በሁለት ቻናል ብቻ አንድ ቀን አሰራው። ከዛ ሌላ ኤረር ከመጣ የመጨረሻዎቹን ሃያ መስመር ሎግ ላክልኝ፣ ግን ከመላክህ በፊት ስልክ ቁጥርህ፣ ኤፒአይ ሃሹ፣ እና ሴሽኑ ውስጡ እንደሌሉ አይተህ ይሁን።